ከጉምሩኩ በር ወዲህና ወዲያ፦ በማያውቁት ኤርፖርት ሻንጣ ተረክቦ መኪና እስከ መያዝ

ውጭ አገር ኤርፖርት ላይ ሻንጣ ከሚረከቡበት አዳራሽ የሚያስወጣ አንድ በር አለ። ከጉምሩኩ ቀጥሎ የሚገኝ፣ አንዴ ከወጡበት ተመልሰው የማይገቡበት በር ነው። አዲስ መንገደኛ ከእኔ አንድ ምክር ብቻ የሚሰማ ቢሆን ስለዚህ በር እነግረው ነበር። የጎደለ ሻንጣ ማመልከት፣ የተሰበረ ጎማ ማሳየት፣ ስልክ ማገናኘት፣ አድራሻ ማዘጋጀት፣ ሽንት ቤት መግባት ሳይቀር ከበሩ ወዲህ ሳሉ ይጨርሱ። ከበሩ ወዲህ ያሉት አብረውዎት የበረሩ መንገደኞችና የኤርፖርቱ ሠራተኞች ናቸው። ከበሩ ወዲያ የሚጠብቅዎት ግን ግፊያና «ታክሲ! ታክሲ!» የሚል ጥሪ ነው። እዚያ መሃል ቆሞ ቦርሳ እየበረበሩ አድራሻ መፈለግ ለሌባም ለደላላም ይመቻል።

ነገሩ የሚጀምረው ከመነሻው፣ ቼክ ኢን ላይ ነው። ሠራተኛው በሻንጣዎ እጀታ ላይ የሚጠቀልለውን ታግ፣ ሻንጣው ተንሸራቶ ከመሄዱ በፊት ያንብቡት። በትልቁ የተጻፈው ሦስት ፊደል ሻንጣውን የሚረከቡበት ኤርፖርት መለያ ነው። መንገድ ላይ አውሮፕላን የሚቀይሩ ከሆነና ትልቁ ፊደል የመቀየሪያውን ኤርፖርት የሚያሳይ ከሆነ፣ ሻንጣዎን እዚያው ተቀብለው እንደገና ማስረከብ አለብዎት ማለት ነው። ይህ በተለይ ሁለቱን በረራ በተለያየ ቲኬት የገዛ ሰው ላይ ይደርሳል። ሻንጣ ለመረከብ ደግሞ ኢሚግሬሽን ማለፍ ግድ ነውና፣ የዚያ አገር ቪዛ የሌለው መንገደኛ ሻንጣው ወዲያ ማዶ እየተሽከረከረ እሱ ትራንዚት ውስጥ ይቀራል። ለዋጋ ብለው በረራ ቆራርጠው የሚገዙ ሰዎች ከሁሉ በፊት ማጣራት ያለባቸው ይህንን ነው።

ከተማው ከአንድ በላይ ኤርፖርት ካለው ፊደሎቹን ይበልጥ ያስተውሉ። የኢስታንቡል ዋናው ኤርፖርት በአውሮፓ በኩል ነው፣ ሳቢሃ ጎክቸን ደግሞ በእስያ በኩል። ባንኮክ ሱቫርናቡሚና ዶን ሙዌንግ አሉት። ለንደን ሂትሮው፣ ጋትዊክ፣ ስታንስቴድ፣ ሉተን እያለ ይቀጥላል። «ለንደን እገባለሁ» ብቻ የተባለ ዘመድ የት ቆሞ እንደሚጠብቅ አያውቅም። የኤርፖርቱን ስም፣ የተርሚናሉን ቁጥርና የበረራ ቁጥሩን አንድ ላይ ይላኩለት።

ከባርኮዱ አጠገብ አሥር አሃዝ ያለው ቁጥር አለ። የመጀመሪያው አንድ አሃዝ የታጉን ዓይነት ይናገራል፤ ቀጥለው ያሉት ሦስቱ የአየር መንገዱ መለያ ናቸው፤ ለምሳሌ 176 ኤምሬትስ፣ 235 ተርኪሽ፣ 220 ሉፍታንዛ ነው። የቀሩት ስድስቱ የእርስዎ ሻንጣ የራሱ ቁጥር ናቸው። ሠራተኛው ከታጉ ቀዶ በሚሰጥዎት ቁራጭ ላይ በፊተኞቹ አሃዞች ፈንታ የአየር መንገዱ ሁለት ፊደል ተጽፎ ቢያዩ አይደናገጡ፤ ስድስቱ አይለወጡም። ሻንጣ ሲጠፋ ሠራተኛው ቀድሞ የሚጠይቅዎት ይህንን ቁጥር ነው። ቁራጩን አብዛኛውን ጊዜ ቦርዲንግ ፓሱ ላይ ወይም ፓስፖርቱ ጀርባ ላይ ይለጥፉታል፤ ተላቅቆ ሊወድቅ ስለሚችል እዚያው ካውንተሩ ላይ ፎቶ ያንሱት። ሁለት ሻንጣ ካለዎት ሁለት ቁራጭ ይቁጠሩ።

ከቀድሞ ጉዞ የቀሩ ታጎችንና ትንንሽ የባርኮድ ተለጣፊዎችን ከሻንጣው ላይ ልጠው ይጣሉ። የማሽኑ መብራት አሮጌውን ባርኮድ ካነበበ ሻንጣው ከመስመሩ ወጥቶ በሰው እጅ ወደሚለይበት ይሄዳል፤ በረራ የሚያመልጠውም በዚህ ጊዜ ነው። ስምዎን፣ ስልክዎንና የሚያርፉበትን አድራሻ የያዘ ወረቀት ሻንጣው ውስጥ፣ ከልብሱ ሁሉ በላይ ያስቀምጡ። ታጉ መንገድ ላይ ከተቀደደ ሠራተኞች ከፍተው የሚያዩት የመጀመሪያው ነገር እሱ ይሁን። ሻንጣውን ዘግተው ከውጭ፣ ከመዝጋትዎ በፊት ደግሞ ከውስጥ አንድ አንድ ፎቶ ያንሱ። መድኃኒት፣ ሰነድ፣ ቻርጀርና አንድ ቅያሪ ልብስ በእጅ ቦርሳ ይያዙ። ፓወር ባንክ ከአውሮፕላኑ ሆድ በሚገባ ሻንጣ ውስጥ ጭራሽ አይፈቀድም፤ ረስተው ካስገቡት ሻንጣዎ ተይዞ ሊቀር ይችላል።

ስልክዎን የሚያዘጋጁትም ከቤት ሳይወጡ ነው። የመኪና መጥሪያ አፕ በስልክ ቁጥር ሲመዘገቡ በኤስኤምኤስ ኮድ ይልካል። ውጭ አገር ደርሰው ሲምዎ ካልሠራ ኮዱ አይመጣም፣ አፑም አይከፈትም። ስለዚህ በሚሄዱበት አገር የትኛው አፕ እንደሚሠራ አስቀድመው ያጣሩ። ኡበር ሁሉም ቦታ የለም፤ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ግራብ፣ በመካከለኛው ምሥራቅ ካሪም፣ በቻይና ዲዲ፣ በብዙ የአውሮፓ ከተሞች ቦልት ነው ሰው የሚጠቀመው። ጭነው፣ ተመዝግበው፣ ካርድዎን አስገብተው ይሂዱ። የአንዳንድ ኤርፖርት ነፃ ዋይፋይም እንዲሁ ኮድ የሚልከው በኤስኤምኤስ ስለሆነ እሱ ላይ ብቻ አይመኩ። ኢ-ሲም (ካርድ ሳይገባ በኢንተርኔት የሚጫን ሲም) የሚቀበል ስልክ ካለዎት ከመነሻዎ ይጫኑት፤ ለመጫን ራሱ ኢንተርኔት ይፈልጋልና። የከተማውን ካርታ ያለ ኢንተርኔት እንዲከፈት አድርገው ያውርዱት። የሚያርፉበትን ቦታ ስምና አድራሻ፣ የቦታውን ስልክ ጭምር፣ በዚያ አገር ፊደል ተጽፎ ስክሪንሾት ያንሱት። ቻይንኛ ወይም ዐረብኛ ብቻ ለሚያነብ ሹፌር በእንግሊዝኛ የተጻፈ አድራሻ ማሳየት ብዙም አያግዝም።

አሁን አርፈዋል እንበል። ኢሚግሬሽን ካለፉ በኋላ ስክሪኑ ላይ የበረራ ቁጥርዎንና ሻንጣ ይዞ የሚዞረውን ቀበቶ ቁጥር ይፈልጉ። አንድ አውሮፕላን የሁለት ሦስት አየር መንገድ ቁጥር ሊኖረው ስለሚችል፣ በቲኬትዎ ላይ ያለው ቁጥር ካልታየዎት አውሮፕላኑ የተነሳበትን ከተማና ሰዓት ይመልከቱ። ቀበቶው አንዳንዴ መሃል ላይ ይቀየራል፤ አብረውዎት የበረሩ ሰዎች ፊት ካጡ ስክሪኑን እንደገና ይዩ።

ቀበቶው ሲቆም ሁሉም አለቀ ብለው አይደምድሙ። በትልልቅ አውሮፕላኖች ላይ ሻንጣ የሚጫነው በኮንቴነር ነው፤ አንዱ ኮንቴነር ተራግፎ ሌላው እስኪመጣ ቀበቶው ባዶውን ይዞራል ወይም ይቆማል። በተቃራኒው ኢሚግሬሽን ሰልፍ ላይ ረጅም ሰዓት ከቆዩ ሻንጣዎ ቀድሞዎት ደርሶ ሊሆን ይችላል። ያኔ ሠራተኞች ከቀበቶው አውርደው በምሰሶዎች ሥር ወይም በግድግዳው ጥግ ይደረድሩታልና «ጠፋ» ከማለትዎ በፊት ዙሪያውን ይፈትሹ። የሕፃን ጋሪ፣ የሙዚቃ መሣሪያ፣ በካርቶን የታሸገ ትልቅ ዕቃ በተለመደው ቀበቶ አይመጣም። ለትልልቅ ዕቃ ብቻ የተለየ መውጫ ስላለ ምልክቱን ፈልገው እዚያ ይጠብቁ።

ሻንጣዎን ሲያዩት ከፊቱ ተሽቀዳድመው አይጎትቱት። ወደ እርስዎ እስኪደርስ ይጠብቁ፣ የጎኑን እጀታ ይያዙ፣ ከቀበቶው ጋር አንድ ሁለት እርምጃ እየሄዱ ያንሱት። ካወረዱት በኋላ እጀታውን ገልብጠው የታጉን የመጨረሻ ስድስት አሃዞች ከቁራጩ ጋር ያመሳክሩ። ጥቁር ባለአራት ጎማ ሻንጣ በአንድ በረራ ላይ በደርዘን ይኖራል፤ በመልኩ ብቻ አምነው የሚወስዱ ሰዎች ናቸው የሌላ ሰው ልብስ ይዘው ሆቴል የሚገቡት። ከዚያ ጎማውን፣ ዚፑንና ማዕዘኖቹን በእጅዎ ይዳስሱ፤ ቁልፉ ተሰብሮ እንደሆነም ይዩ።

ወደ አሜሪካ የሚሄዱ ሰዎች አንድ ለየት ያለ ነገር ይጠብቃቸዋል። ታጉ የመጨረሻውን ከተማ ቢያሳይም፣ በአብዛኛው መጀመሪያ ባረፉበት የአሜሪካ ኤርፖርት ሻንጣዎን ተቀብለው፣ በጉምሩክ አልፈው፣ ከጉምሩኩ ወጣ ብሎ ባለው ቀበቶ ላይ ለተከታዩ በረራ መልሰው ያስረክባሉ። ይህን ሳያውቁ ቀጥታ ወደ ሁለተኛው በረራ የሚሄዱ አሉ፤ እነሱ ይደርሳሉ፣ ሻንጣቸው አይደርስም።

ሻንጣው ካልመጣስ? ከአዳራሹ አይውጡ። እዚያው ውስጥ የአየር መንገዱ የሻንጣ አገልግሎት ጠረጴዛ አለ። ጉዞዎ በሁለት አየር መንገድ የተከፈለ ከሆነ የሚያመለክቱት የመጨረሻውን በረራ ላበረረዎት ነው፤ ቲኬቱን የሸጠልዎት ሌላው ቢሆንም እንኳ። ሠራተኛው ፒአይአር የሚባል ሪፖርት ይሞላል። የሻንጣውን ዓይነትና ቀለም ከተዘጋጀ የሥዕል ሰንጠረዥ ላይ ያስመርጥዎታል፤ ያነሱት ፎቶ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። «ጥቁር ሻንጣ» ብቻ ብለው አይተዉት፤ ጨርቅ ወይም ጠንካራ ፕላስቲክ መሆኑን፣ የጎማውን ብዛት፣ የታሰረበትን ሪባን፣ ውስጡ ከላይ ያለውን ዕቃ ሁሉ ይንገሩት። የሚሰጡት አድራሻ የሚያርፉበት እንጂ የመጡበት አይሁን፤ ስልኩም እዚያ አገር የሚሠራ ይሁን።

ሳይቀበሉ እንዳይሄዱ የምለምንዎት ነገር የሪፖርቱ ቁጥር ነው። አምስት ፊደልና አምስት አሃዝ አለው፤ ሦስቱ ፊደል የኤርፖርቱ፣ ሁለቱ የአየር መንገዱ መለያ ናቸው። ብዙ አየር መንገዶች ሻንጣ የሚፈልጉት ወርልድትሬሰር በሚባል የጋራ ሥርዓት ስለሆነ በዚህ ቁጥርና በአባትዎ ወይም በቤተሰብ ስምዎ ፍለጋው የት እንደደረሰ ከስልክዎ ማየት ይችላሉ። ፓስፖርትዎ ላይ የቤተሰብ ስም ተብሎ የሰፈረው የትኛው እንደሆነ ያረጋግጡ፤ የአባትና የአያት ስም ተቀያይሮ ከተመዘገበ ሥርዓቱ «የለም» ይላል። «ነገ ይደውሉልን» ብለው ያለ ቁጥር ሊያሰናብቱዎት ከሞከሩ በትሕትና ግን በጽናት እዚያው ይቁሙ። ያለ ቁጥር የወጣ ሰው ሻንጣው መጥፋቱን ጭራሽ እንዳላመለከተ ሊቆጠር ይችላል።

በብዙ አገሮች መካከል የሚደረግ በረራ የሚመራበት የሞንትሪያል ስምምነት (እ.ኤ.አ. 1999) ጥብቅ የጊዜ ገደብ አለው። ለተጎዳ ሻንጣ ከተረከቡበት ቀን ጀምሮ በ7 ቀን ውስጥ፣ ለዘገየ ሻንጣ በእጅዎ ከገባበት ቀን ጀምሮ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት አለብዎት። መድረስ ከነበረበት ቀን አንስቶ 21 ቀን አልፎት ያልተገኘ ሻንጣ እንደጠፋ ይቆጠራል። ክስ ለመመሥረት ያለው ጊዜ 2 ዓመት ነው። የካሳው ጣሪያ ለአንድ መንገደኛ 1,519 ኤስዲአር ነው፤ ኤስዲአር የዓለም የገንዘብ ድርጅት መለኪያ ሲሆን ይህ መጠን የጸናው እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 28 ቀን 2024 ጀምሮ ነው። ጣሪያ ነው እንጂ ለሁሉ የሚከፈል ገንዘብ አይደለም። ሻንጣው እስኪመጣ የገዙትን የውስጥ ልብስ፣ ሳሙና፣ የመሳሰለውን ደረሰኝ ሁሉ ይያዙ፤ ያለ ደረሰኝ የሚከፍል የለም። ጠረጴዛው ላይ የሞሉት ሪፖርት ደግሞ ከጽሑፍ የካሳ ጥያቄው ይለያል፤ ብዙ ሰው አንዱን አድርጎ ሌላውን ይረሳና ቀኑ ያልፍበታል።

ሌላ የሚያጋጥም ነገር፦ የእርስዎ ሻንጣ የለም፣ የእርስዎን የመሰለ አንድ ባለቤት አልባ ሻንጣ ግን ብቻውን ይዞራል። ሰው ተሳስቶ የእርስዎን ወስዷል ማለት ሳይሆን አይቀርም። የሚዞረውን ሻንጣ የታግ ቁጥር ለጠረጴዛው ይንገሩ፤ አየር መንገዱ ባለቤቱን ደውሎ ሊያገኘው ይችላል። ሻንጣውን ራስዎ ይዘው አይውጡ።

በብዙ አገሮች ጉምሩክ ላይ የሚያሳውቁት ነገር ከሌለ አረንጓዴው፣ ካለ ቀዩ መስመር ነው። 10,000 ዩሮ ወይም ከዚያ በላይ ይዞ ወደ አውሮፓ ኅብረት የሚገባ፣ ከ10,000 ዶላር በላይ ይዞ ወደ አሜሪካ የሚገባ ማሳወቅ ግዴታው ነው። ገንዘብ መያዝ ወንጀል አይደለም፤ የሚያስወርሰው መደበቁ ነው። «ይቺን እስከ ውጭ ብቻ ያዝልኝ» የሚል ሰው ቢለምንዎት ቋንቋዎን ቢናገርም፣ እናትዎን ቢመስልም እምቢ ይበሉ። በእጅዎ የተገኘው ሁሉ የእርስዎ ነው።

በሩን ከማለፍዎ በፊት በምን እንደሚሄዱ ይወስኑ። መኪናውን በአፕ የሚጠሩት ግን ሻንጣ በእጅዎ ከገባና ወደ መጫኛው ቦታ ከደረሱ በኋላ ነው። ቀድመው ከጠሩት ሹፌሩ ደርሶ የመጠበቂያ ሰዓት ይቆጥርብዎታል፣ ወይም ጥሎዎት ይሄድና ቅጣት ይከፍላሉ። የአፕ መኪና ሰው የሚያነሳበት ቦታ ከበሩ ፊት ለፊት አለመሆኑ ብዙዎችን ያሳስታል። አንዳንድ ኤርፖርት ላይ መኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ፣ ሌላው ላይ የሚሄዱ መንገደኞች በሚገቡበት ፎቅ ነው። ሎስ አንጀለስ ላይ ደግሞ የአፕ መኪና ለብዙዎቹ ተርሚናሎች የሚገኘው ኤልኤኤክስ-ኢት በተባለ የተለየ ቦታ ነው፤ በእግር ወይም በነፃ አውቶቡስ ይደርሳሉ። አፑ የሚያሳይዎትን የበር ወይም የምሰሶ ቁጥር ከራስዎ በላይ ካለው ምልክት ጋር እያዩ ይሂዱ።

መኪናው ሲመጣ ታርጋውን ከአፑ ጋር በሙሉ ያመሳክሩ፤ የመኪናው ቀለም አይበቃም። ስምዎን ቀድመው አይናገሩ። «ማንን ነው የምትወስደው?» ብለው ይጠይቁና ስምዎን ከእሱ አፍ ይስሙ። አፑ የፒን ቁጥር ከሰጠዎት የሚነግሩት መኪናው ውስጥ ሆነው፣ ታርጋውን ካረጋገጡ በኋላ ነው። «ሰርዘውና በጥሬ ገንዘብ ልውሰድዎት» የሚል ሹፌር ካጋጠመዎት አይስማሙ፤ ከሰረዙት በኋላ ማን ይዞዎት እንደሄደ የሚያውቅ መዝገብ የለም።

ታክሲ ከመረጡ ወደ ታክሲ ተራው ምልክቱን ተከትለው ይሂዱ፣ ሰልፉ ቢረዝምም ይሰለፉ። አዳራሹ ውስጥ ቀርቦ «ታክሲ ይፈልጋሉ?» የሚል ሰው፣ ደረቱ ላይ መታወቂያ ቢያንጠለጥልም፣ የተራው ሹፌር አይደለም፤ ተራ የያዘ ሹፌር መኪናውን ጥሎ ሰው ፍለጋ አይገባም። መልስ ሳይሰጡ፣ ሳይቆሙ ይለፉ። ፓሪስ ሻርል ደጎልና ኒው ዮርክ ጄኤፍኬን በመሳሰሉ ኤርፖርቶች ወደ ከተማው መሃል የተወሰነ ታሪፍ አለ፤ ተለጥፎ ስለሚገኝ ከመግባትዎ በፊት ያንብቡት። ታሪፍ ከሌለ ቆጣሪው መነሳቱን ሳያዩ መኪናው አይንቀሳቀስ። ተራ አስከባሪው የመኪናውን ቁጥር የያዘ ወረቀት ከሰጠዎት ለሹፌሩ አሳልፈው አይስጡት፤ ዕቃ ከረሱ ወይም ከተጭበረበሩ ማስረጃዎ እሱ ብቻ ነው። ከኤቲኤም ገንዘብ ሲያወጡ ማሽኑ በራስዎ አገር ገንዘብ ልቁጠርልዎት ካለ እምቢ ብለው በዚያው አገር ገንዘብ ይምረጡ፤ ምንዛሪው ይሻላል። ዝርዝር ብር እንዲኖርዎትም አንድ ትንሽ ነገር ገዝተው ይዘርዝሩ፤ «መልስ የለኝም» የቆየ ዘዴ ነው።

ባቡር ወይም አውቶቡስ ብዙ ጊዜ ከሁሉ ርካሹና ፈጣኑ ነው። ሆኖም የመጨረሻውን መነሻ ሰዓት ይወቁ፣ በረራው ዘግይቶ ሊያመልጥዎት እንደሚችልም ያስቡ። ከሁለት ሻንጣ በላይና ሕፃን ይዞ ባቡር መቀየር ግን አልመክርም። አስቀድመው ያዘዙት ሹፌር የሚጠብቅዎት ከሆነ የበረራ ቁጥርዎን ይስጡት። ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም፤ ሰሌዳውን ያየ ሌላ ሰው ስምዎን ገልብጦ ሊጽፍ ይችላል። የት ሆቴል እንደሚወስድዎት እሱ ይንገርዎት።

መኪናው ሲጫን ሻንጣዎችን ጮክ ብለው ይቁጠሩ፣ ታርጋውን ፎቶ አንስተው ለሚጠብቅዎት ሰው ይላኩ። ፓስፖርትና ስልክ ያለበት ቦርሳ ከእርስዎ ጋር ጭንዎ ላይ ይሁን እንጂ ከኋላ አይጫን። በስልክዎ ካርታ መንገዱን ይከታተሉ። ሲደርሱ መጀመሪያ ሻንጣዎቹ ይውረዱ፤ የጫኑትን ያህል ይቁጠሩ፣ መቀመጫውን በእጅዎ ዳብሰው ይዩ፣ ከዚያ ይክፈሉ።